ነፋሱ በፕሮግራሙ መሠረት ይመጣል

ለናዝሬት ሰው «ነፋስ ሊመጣ ነውና ተጠንቀቅ» ማለት፣ ለዝዋይ ሰው «ሐይቁ ውስጥ ዓሣ አለ» እንደማለት ነው። እኛ ከነፋስ ጋር ያደግን ሰዎች ነን። ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆውን በመዳፋችን እንከድናለን። ስንስቅ እንኳ አፋችንን በልክ ነው የምንከፍተው፤ አለዚያ አቧራ መቃም ይከተላል። ናዝሬት ላይ የበረረ ባርኔጣዬን ሞጆ ላይ አገኘሁት ብሎ የማለልኝ ሾፌር አለ። ሾፌር ስለሆነ ግማሹን ብቻ አምኜዋለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ስለ አንድ ነፋስ ግማሽ ቀን ሙሉ የተከራከርነው ምን ነክቶን ነው? ጊዜ ካላችሁ ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ በቀበሌያችን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበርኩ። ስለ ሕዝብም ስለ ግንኙነትም የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ነው። በምርጫው ዕለት ጉሮሮዬን ለመጥረግ «እህህ» ብዬ ነበር፤ ተናጋሪ መስዬአቸው እጃቸውን አወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀበሌው ሜጋፎን በእኔ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

በዚያው ሰሞን ቤት ሠርቼ ነበር። ሠርቼ ነበር ስል ግድግዳው ቆሟል፣ በሩ ገጥሟል፣ ቆርቆሮውም እላዩ ላይ ተደርድሯል ማለቴ ነው። የጎደለው ሚስማር ብቻ ነበር። ሚስማር ደግሞ ከአገር ጠፍቷል። የቀበሌው ሱቅ በሄድኩ ቁጥር ሻጩ «ሚስማር የለም፣ ሳሙና ግን መጥቷል» ይለኛል። በሳሙና ቆርቆሮ አይመታ ነገር! ስለዚህ እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ በቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ደረደርኩበት። ከሩቅ ሲያዩት ያብለጨልጫል፤ ድንጋዩ የሚታየው ለቀረበ ሰው ነው።

ጣሪያው ያብለጨልጭ ዘንድ የምፈልገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለቤቴ ለሊሴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች፤ ወሯም ገብቷል። እናቷ እማማ ጫልቱ አቦምሳ ነው የሚኖሩት። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ቤት አለው ወይ?» ሽማግሌዎቼ «ሊሠራ ነው» ብለው መለሱ። እሳቸውም «ሲሠራ አየዋለሁ» ብለው ልጃቸውን ሰጡኝ። አሁን ታዲያ መልእክት ልከዋል፤ «ቅዳሜ እመጣለሁ። ጣሪያ ካየሁ እዚያው ትውለድ። ጣሪያ ካላየሁ ይዣት እመለሳለሁ፤ ልጁም እዚህ ያድጋል።» እኔ ደግሞ ልጄን በየበዓሉ አቦምሳ እየሄድኩ የምጠይቅ አባት መሆን አልፈልግም ነበር። ነገሩ ሁሉ በዚያች በድንጋይ በቆመች ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሌላም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአማቴ ወገን አማትና አማች በስም አይጠራሩም። ጠብ አይደለም፣ መከባበር ነው። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ግን ለእኔ ቀጥታ አይናገሩም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እንኳ «ለሰውየው ውኃ ስጪው» ነው የሚሉት ለልጃቸው። እኔም ለሊሴን «እማማን እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» እላታለሁ። መሐል ላይ ያለችው ለሊሴ እንደ ስልክ ቤት ሠራተኛ ሆና ነው የኖረችው። ስሜ እንደሆነ ረጅም ነው፤ አባቴ ከነምኞቱ ነው ያወጣልኝ። ግን አንዲት ፊደሉ እንኳ በአማቴ አፍ አልፋ አታውቅም።

እንግዲህ ዓርብ ዕለት የቀበሌው ስልክ ጮኸ። ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከበላይ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው «ነገ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ሊነሣ ስለሚችል ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ ይነገረው» ብሎ ዘጋው። ይህችን ቃል እንዳለች በሜጋፎን ብናገራት ኖሮ ወጋችን እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን በዚያ ዘመን የቀበሌ ቃል ኮሚቴ ሳያየው ከአፍ አይወጣም።

በኮሚቴ ተቀመጥን። ሊቀመንበራችን ጓድ ደምሴ ደግ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ፊቱ ቢጣሉ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው። የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ ጓድ ብርሃኑ ጥቂት ወራት የፖለቲካ ኮርስ ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ «እንዴት አደራችሁ» ለማለት እንኳ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያስፈልገዋል። ጋሽ ሰይድ ደግሞ የወሎ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ቆይተው አሁን እህል ይነግዳሉ፤ ኮሚቴው ውስጥ ያሉት በሽማግሌነት ነው። እኔ ጸሐፊ ነኝ።

መልእክቱን አነበብኩላቸው።

«ኃይለኛ የሚለው አልተመቸኝም» አለ ጓድ ብርሃኑ። «ኃይል ያለው ሰፊው ሕዝብ ነው። ነፋሱን ኃይለኛ ካልን የሕዝቡን ኃይል ለማን ሰጠነው?»

«ለነፋሱ ነዋ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ሊቀመንበሩ ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ከገለጸ በኋላ «ከበድ ያለ» ተብሎ ታረመ። ቀጥሎ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ይነገር ተባለ።

«በአዋሽ በኩል ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ። «እኔ ይህን አገር ካወቅሁት ጀምሮ ክፉው ነፋስ በአዋሽ በኩል ነው የሚመጣው።»

«ከምሥራቅ ማለት ነው?» ጓድ ብርሃኑ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ከምሥራቅ የሚመጣልን ወዳጅነት ነው! ክፉ ነገር ከመጣ ከምዕራብ ነው የሚመጣው።»

«ልጄ፣ ነፋሱ ኮርስ አልወሰደም።»

ሳቄን ለመደበቅ እስክሪብቶ የወደቀብኝ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ስወጣ ሊቀመንበሩ «ከማይታወቅ አቅጣጫ» የሚል አስታራቂ ሐሳብ አቅርቦ አገኘሁት። ጓድ ብርሃኑ ግን ቀበሌው የማያውቀው አቅጣጫ ሊኖር አይችልም አለ። ስለዚህ «ከታወቀ አቅጣጫ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።

ትልቁ ክርክር የመጣው «ሊነሣ ይችላል» የሚለው ላይ ነው። «ይችላል ማለት ወላዋይነት ነው» አለ ጓድ ብርሃኑ። «ወይ ይመጣል፣ ወይ አይመጣም።»

«ይመጣል ብለን ባይመጣስ?» አለ ሊቀመንበሩ። ይህን ጊዜ ድምፁ ቀጠነ። «አሉባልታ ነዛችሁ ብንባልስ?»

እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም። በዚያ ዘመን አሉባልታ ነዛህ መባል ሰውን ከልጆቹ ይለያል፤ የጓድ ደምሴ ልጆች ደግሞ ትናንሽ ናቸው። ጋሽ ሰይድ እንኳ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ። እኔም ያንን ወፍራም ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ለምን በወጣለት ፕሮግራም መሠረት ይመጣል አንልም? ባይመጣ ፕሮግራም ያፈረሰው ነፋሱ ነው» አልኩ። ሊቀመንበሩ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ አለፈ። በሕይወቴ ያለ ተቃውሞ ያለፈልኝ ብቸኛ ሐሳብ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብንነሣ ምን ነበረበት? ጓድ ብርሃኑ ግን «ማስጠንቀቂያ ያለ መመሪያ ባዶ ነው፤ ሕዝቡ ምን ያድርግ?» አለ።

«ቤቱ ይግባና በሩን ይዝጋ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ይግባ፤ ይህ ብቻ ግን መሸሽ ነው። ተጨባጭ እርምጃ ነው የሚያስፈልገን። በየጣሪያው ላይ ያለው ድንጋይ ነፋስ ሲመጣ በሰው ራስ ላይ ይወድቃል። ድንጋይ ሁሉ ይውረድ!»

«ድንጋዩ እኮ ነው ቆርቆሮውን የያዘው!»

«ቆርቆሮን መያዝ ያለበት ሚስማር ነው።»

«ሚስማር የታለ?»

«እሱ ሌላ አጀንዳ ነው።»

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። እኔ ልቤ ከጋሽ ሰይድ ጋር ነው። ጣሪያዬም ከጋሽ ሰይድ ጋር ነው። እጄ ግን የራሷ ጠባይ አላት፤ «የሚደግፍ» ሲባል ከሰማች ሳታስፈቅደኝ ትወጣለች። አየኋት፤ ወጥታለች። ሊቀመንበሩም አመስግኖ፣ አፈጻጸሙ ከአመራሩ እንዲጀምርና አርአያ እንድንሆን አሳሰበ። «ቤትህ ከስብሰባው ሜዳ ስለሚታይ አንተ ቅደም» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መሰላል አቁሜ ድንጋዮቼን ማውረድ ጀመርኩ። ለሊሴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከታች ታየኛለች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«መመሪያ ነው።»

«ማን ያወጣው?»

«እኛ።»

«እንግዲያው መልሱታ።»

«ድምፅ ተሰጥቶበታል፣ ለሊሴ።»

«እናቴ ዛሬ እንደምትመጣ ለነፋሱ ነግራችሁታል?» ብላኝ ወደ መናኸሪያ ሄደች። መመለስ ያለባት እናቷን ተቀብላ ነው። እኔም የመጨረሻውን ድንጋይ አውርጄ፣ ቆርቆሮውን በዓይኔ አደራ ብዬው ሜጋፎኔን አነሣሁ። ሌላው አመራር ምን እንዳደረገ በመንገዴ አየሁ። የጓድ ብርሃኑ ድንጋይ በቦታው ነው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «የምኖረው በመንግሥት ኪራይ ቤት ነው፤ የሕዝብ ንብረት እንዴት እነካለሁ?» አለኝ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ጭራሽ ጨምረውበታል።

ማስጠንቀቂያውን በየመንደሩ እየዞርኩ ማሰማት ጀመርኩ። መጀመሪያ መፈክር አለው፤ ከዚያ ስለ ቀበሌው የሥራ ውጤት ጥቂት፤ ከዚያ ነው ነፋሱ የሚመጣው። ሕዝቡ ግን እስከ ነፋሱ ድረስ መች ቆሞ ይሰማኛል! በእኛ ቀበሌ ሜጋፎን ከጮኸ ስብሰባ ነው። ስብሰባ የቀረ ሰው ደግሞ ስኳር ይቀርበታል። «የቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ» ከማለቴ በርጩማውን ያነሣል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ወደ ሜዳው ይነጉዳል። እኔ ከኋላ ከኋላው እየሮጥኩ «ቤታችሁ ግቡ ነው የምላችሁ! ቤታችሁ!» እላለሁ።

«ቤታችን ከገባን ስማችን ሲጠራ ማን አቤት ይላል?» አለችኝ አንዲት ሴትዮ ጥልፏን በብብቷ ይዛ። «ባለፈው እንዲሁ ቀልዳችሁ ስኳሬን በልታችሁታል።»

በአጭሩ፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ለማስጠንቀቅ ወጥቼ በቀበሌው አንድም ሰው ቤቱ እንዳይቀር አደረግሁ። ሜዳው ጢም አለ። ሊቀመንበሩን በትናቸው ብዬ ለመንኩት፤ እሱ ግን እንደዚያ ያለ ሙሉ ስብሰባ አይቶ ስለማያውቅ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጓድ፣ ሕዝብ በገዛ ፈቃዱ ተሰብስቦ እንዴት ይበተናል? ጠረጴዛው ላይ ውጣና ሙሉውን አንብብላቸው» አለኝ።

ጠረጴዛው የተቀመጠው ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ጀርባዬን ለቤቴ ሰጥቼ ወጣሁ። በዚህ መሐል ለሊሴና እናቷ ከሕዝቡ ዳር ብቅ አሉ። እማማ ጫልቱ ከኋላዬ ያለውን ጣሪያ አዩት። ፀሐይ አርፎበት ያብለጨልጫል፤ ድንጋይ የሚባል አንድም የለበትም። «ሚስማር ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ለሊሴ ምን ብላ ትመልስ? እንዳልሰማች ሆነች። እኔ ከላይ ሆኜ አማቴ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ አየሁ። ከኋላዬ የራሴ ቤት፣ በእጄ ሜጋፎን፣ ከፊቴ ቀበሌ ሙሉ ሕዝብ፤ እንደዚያች ደቂቃ ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም። ድምፄን ይበልጥ አወፈርኩት።

«ከበድ ያለ ነፋስ፣ ከታወቀ አቅጣጫ፣ በወጣለት ፕሮግራም መሠረት...»

መጣ። በአዋሽ በኩል ነው የመጣው።

መጀመሪያ አቧራው ተነሣ፤ ቀጥሎ የወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ ከእጄ ሄደ። ግድ አልሰጠኝም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ቀጠልኩ። ከኋላዬ «ጓ! ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሕዝቡም እጁን ወደ እኔ እየቀሰረ «ኧረ! ኧረ!» ይላል። በዓይኔ ስንጥቅ አየሁና አስተያየት የሚሰጥ መሰለኝ። እጄን አንሥቼ በሜጋፎን «ጥያቄ በመጨረሻ!» አልኩ። ሊቀመንበሩ «ጓድ!» ይላል። ጋሽ ሰይድ «ዝቅ በል!» ይላሉ። የሁሉም ድምፅ ተደባልቆ ለማን ምን እንደተባለ አልለይ አለኝ። በዚያ ሜዳ ላይ ጓድ ያልሆነ ሰው አልነበረማ!

ያኔ አንድ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ። ስሜን ጠራ። በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ «ለሰውየው ውኃ ስጪው» የሚለው ድምፅ ነው። እሳቸው ከጠሩኝማ ምድር ተገልብጣለች ማለት ነው ብዬ ደንግጬ፣ ማን እንደጠራኝ ለማየት ሳይሆን በክብር አቤት ለማለት ከወገቤ ጎንበስ አልኩ።

ቆርቆሮው በላዬ አለፈ። ቆቤን ወሰደ፤ የመፈክሩን ገመድ በጠሰ፤ ሄዶ የጓድ ብርሃኑ አጥር ላይ ተሰካ። ስሜ በአንዲት ፊደል እንኳ ቢረዝም ኖሮ ይህን የምትሰሙት ከሌላ ሰው ነበር። ቀና ስል ሌሎቹ ቆርቆሮዎቼ በየተራ ከቤቴ እየተነሡ በሕዝቡ ራስ ላይ ሲያልፉ አየሁ፤ ሕዝቡም በየተራ ይተኛላቸዋል። በቀበሌያችን መመሪያውን ሙሉ በሙሉ ያከበረ ቤት አንድ ብቻ ነበርና ጣሪያው የሄደውም የእሱ ብቻ ነው።

አማቴን ፈለግኋቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል።

ነፋሱ እንደ አመጣጡ ሄደ። ናዝሬት ነውና ሰው አቧራውን አራግፎ መጀመሪያ ስም ይጠራ እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ እየሮጠ ቆርቆሮዬን ከየአጥሩና ከየቁልቋሉ ለቅሞ አመጣልኝ። ጋሽ ሰይድ ከእህል መጋዘናቸው አሮጌ ሣጥኖች ላይ የነቀሉትን የተጣመመ ሚስማር በጆንያ ይዘው መጡ፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ያቃኑ ጀመር። «ይህን ሁሉ ጊዜ ሚስማር ነበረዎት?» አልኳቸው። «የተጣመመ ነዋ። ጸሐፊው ቀጥ ያለ ነው የሚፈልገው ብዬ» አሉኝ።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነው። እማማ ጫልቱ ጣሪያ በሌለው ቤቴ ውስጥ፣ ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው፣ ሰማዩን እያዩ ተቀምጠዋል። ዘንቢሉ አልተፈታም። ለሊሴ አጠገባቸው ሆዷን ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ያ ወፍራም ድምፄ የት እንደገባ እንጃ።

«ለሰውየው ንገሪው» አሉ ለልጃቸው፣ እኔን ሳያዩ። «ጣሪያ ካላየሁ ይዣት እሄዳለሁ ብዬ ነበር።»

«ነገርኩት፣ እማ።»

«አየሁ በይው። ከላይም አየሁት፣ ከታችም አየሁት፣ ሲሄድም አየሁት። እንደኔ አድርጎ ጣሪያ ያየ ሰው የለም።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ዘንቢላቸውን መፍታት ጀመሩ። «አሁን ደግሞ ሲመታ ሳላይ አልሄድም። መዶሻ አለው ወይ በይው።»

ያን ዕለትና በማግሥቱ ስመታ ዋልኩ። እሳቸው ከታች ሆነው ለልጃቸው «ለሰውየው ንገሪው፣ እዚያ ጋ ላላ ብሏል» ይላሉ፤ እኔ እመታለሁ። ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ብዬ? ስሜን ጠርተው አዳኑኝ ብል ወጋቸውን ማፍረሳቸውን ማስታወስ ይሆንብኛል። ለብዙ ቀን ፊት ለፊት አላዩኝም፤ ያፈሩ ይመስላሉ። እኔም ልላቸው የፈለግሁትን ሁሉ በመዶሻው አልኩ። ዛሬም ያ ጣሪያ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ሚስማር አለ።

በሳምንቱ ማስጠንቀቂያው በኮሚቴው ተገመገመ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ማስጠንቀቂያው ውጤታማ ነበር። በነፋሱ ምክንያት ቤቱ ውስጥ ሳለ ጉዳት የደረሰበት አንድም ነዋሪ የለም» ይላል። ቤቱ ውስጥ የነበረ ነዋሪ ስላልነበረ እውነት ነው። ጋሽ ሰይድ «ነፋሱስ?» ብለው ሲጠይቁ ሊቀመንበሩ «በፕሮግራሙ መሠረት ተገኝቷል» አለ።

ለሊሴ ብዙም ሳትቆይ በዚያው ጣሪያ ሥር ወንድ ልጅ ወለደች። ስም ይውጣለት ሲባል እኔ አባቴ እንዳደረገልኝ ከነምኞቱ ረዘም ያለ ስም አዘጋጅቼ ነበር። እማማ ጫልቱ ሕፃኑን ታቅፈው እንደተቀመጡ፣ ውጪ ነፋሱ ቆርቆሮውን ነካ ሲያደርገው ቀና ብለው ሰሙና ወደ ለሊሴ ዞሩ።

«ለሰውየው ንገሪው» አሉ። «አጭር ስም ያውጣለት። እዚህ አገር ነፋስ አለ።»

ከለሊሴ ጋር ተያየን። ያለ ክርክርና ያለ ማሻሻያ፣ በሙሉ ድምፅ አጸደቅነው።